የእቴቴ ቁጥር

«አባዬ፣ ቆይ! እስቲ አሳየኝ!»

አባቷ የገመጠውን ፖም በአፉ እንደያዘ ዓይኑን አፈጠጠባት። አታሚዋ ልጁ የፈለገችው ግን ፖሙን አልነበረም። አባቷ እንደ ልማዱ ከፖሙ ላይ ልጦ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የለጠፋትን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ተለጣፊ ነበር። በጥፍሯ ቀስ ብላ አነሳቻትና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛት ሄደች።

«ምነው? ትል አገኘሽ እንዴ?» አለ አባቷ አላምጦ ከዋጠ በኋላ። «ትል ከሆነ ደስ ይበልሽ። ትል የጠላውን ፖም ሰውም ቢጠላው ይሻለዋል፣ እቴቴ ሁልጊዜ የምትለው ይሄንኑ አይደል?»

አታሚዋ ተለጣፊዋን ወደ ዓይኗ አቀረበቻት። ተለጣፊዋ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል አለች፤ ከቅጠሏ ሥር «ያለ ኬሚካል የበቀለ» ይላል፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ቁጥር አለ። ቅጠሏ በቀኝ ጎኗ ሰማያዊ፣ በግራ ጎኗ ቢጫ ክር የመሰለ ጠርዝ አላት። ሌላ ሰው ቢያያት ምንም አይታየውም። አታሚዋ ግን ይህችን ቅጠል ታውቃታለች። እንዴት አታውቃት! ያበላሸቻት እሷ ራሷ ናት።

የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ያለው አሮጌ ማሽን አረንጓዴን በአንድ ጊዜ ማተም አይችልም። መጀመሪያ ቢጫ ቅጠል ያትማል፣ ቀጥሎ ሰማያዊውን እዚያው ላይ ያሳርፋል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ አረንጓዴ ይወጣል። ሰማያዊው ለጥቂት ሳት ካለ ቅጠሏ ባለ ጠርዝ ትሆናለች። ይህ ስህተት በአታሚዋ እጅ የደረሰው አንዴ ብቻ ነው። አባቷ ደረቱን ይዞ የወደቀ ዕለት ጎረቤት ደውላ ስትነግራት፣ ማሽኑን እየሠራ ጥላው ሮጠች። በማግሥቱ ስትመለስ በጥቅል በጥቅል የተከመረ ጠማማ ቅጠል ጠበቃት። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጮኸ፣ ተራገመ፣ በመጨረሻ ግን «በቃ ይቃጠላል፤ ደግመሽ አትሚ» ብሎ የተበላሸውን ወደ ዕቃ ቤት አስገባው። እሷም ደግማ አተመች። ለእቴቴ የተላከላት ያ ንጹሁ ነው።

እቴቴ የአባቷ ታናሽ እህት ናት። ከከተማ ወጣ ብሎ የፖም አትክልት ስፍራ አላት። ቁጥሩ የእሷ ነው። የአምራቾች ማኅበሩ ያንን ቁጥር የሰጣት አፈሯን አስመርምሮ፣ ውኃዋን አስመርምሮ፣ ዓመታት ካስጠበቃት በኋላ ነው። በነዚያ ዓመታት እቴቴ መድኃኒት አልረጭም ብላ ትሉን ከየቅጠሉ ሥር በጣቷ ስትለቅም ወገቧ ጎበጠ። ጎረቤቶቿ አብዳለች አሏት። ቁጥሩን ባገኘች ቀን ግን ስልክ ደውላ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰች።

ታዲያ ከእቴቴ ደጅ ደርሶ የማያውቅ የተበላሸ ተለጣፊ፣ አባቷ ፖም ላይ ምን ይሠራል?

አታሚዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የፖም ቅርጫት ወደ ራሷ ሳበችና ፖሞቹን አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ሁሉም ላይ ያችው ባለ ጠርዝ ቅጠል።

«አባዬ፣ እነዚህን ከየት ነው የገዛሃቸው?»

«ከየት እገዛለሁ? ከጨዋው ነዋ! የእህቴን ፖም ሌላ ማን ይሸጣል?» አባቷ ከእጁ ላይ የቀረውን ፖም አገላብጦ ገመጠው። ዶክተሩ ፍራፍሬ አዘውትር ካለው ወዲህ ከፖም ጋር ፍቅር ይዞታል። «ልጣጩንም አልምርለት። እቴቴ ምን አለች? ጥቅሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው አላለችም? በሷ እጅ የተለቀመ ስለሆነ እንኳን ልጣጩን፣ እንጨቷንም ብበላት ግድ የለኝ።»

«እቴቴ ሰሞኑን ደውላልህ ነበር?»

«ትናንት። ስታማርር ነው የዋለችው። ጨዋው መውሰድ አቁሟል፣ ገበያ ቀዝቅዟል ብሎኛል ትላለች። እኔ ደግሞ በየቀኑ እየገዛሁ ምን ቀዘቀዘ እላታለሁ።» አባቷ ይህን ብሎ ሳቀ። የሚናገረውን ነገር ራሱ አልሰማውም።

አታሚዋ ግን ሰማችው። ፖሙን ከአባቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችበት። «ተመትቷል፤ ሄጄ ላስቀይረው» አለችው። የልቡን ደስታ ልትነጥቀው አልፈለገችም፤ ሌላ ውሸት ግን ወዲያው አልመጣላትም። ቅርጫቱን አንጠልጥላ ወጣች።

የፍራፍሬ ሱቁን ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ «ጨዋው» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው ለሕፃን ልጅ እንኳ «እርስዎ» ይላል። ሸሚዙ ሁልጊዜ ነጭ፣ እጁ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ሱቁ ውስጥ በአንድ በኩል ቅጠል የሌለው ፖም በካርቶን ተቆልሏል፤ በሌላው በኩል ቅጠል ያለው እንደ ዕንቁላል በየጎድጓዳው ተደርድሯል። ዋጋውም የዚያኛው እጥፍ ነው። ከዚህኛው በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ እቴቴ ፖም በእጇ ይዛ፣ ጥርሷ የወለቀበት ቦታ እስኪታይ ድረስ ትስቃለች።

ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት ቅጠል ካለው እየመረጠች ነበር።

«አይዞዎት፣ ዓይንዎ የወደደውን ያንሱ እንጂ ሁሉም አንድ ነው» ይላታል ጨዋው። «ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው። ጤዛው እንኳ ገና አልደረቀም። እኚህ ፎቶው ላይ ያሉት እናት ናቸው የሚልኩልኝ፤ ለኔም እንደ እናቴ ናቸው።»

«ለልጄ ነው» አለች ወጣቷ። «ከነልጣጩ ነው የምፈጭለት። ያኛውን ፈርቼ ነው።»

«መፍራትዎ ደግ ነው። በዛሬ ጊዜ ምን ይታመናል?»

አታሚዋ ይህን ስትሰማ ልታወጣ ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ሰው እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ያውም ሕፃን ፊት! ቅርጫቱን ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«ዛሬ ጠዋት መጣ ነው ያሉት?»

«አዎን፣ እህቴ። ምን ልታዘዝ?»

«ፎቶው ላይ ያለችው አክስቴ ናት። እርስዎ ገበያ ቀዝቅዟል ካሏት ወዲህ አንድ ፖም አልላከችም። ላሞቿ ናቸው የሚበሉት።»

ጨዋው ፊቱ ላይ ያለውን ፈገግታ አላነሳውም። «እመቤቴ፣ እዚህ ደንበኛ አለ። ወደ ጓዳ ብንገባና ብንነጋገር…»

«ምን ጓዳ ያስገባናል? ይኸው!» ተለጣፊዋን በጣቷ ጫፍ ላይ አድርጋ ዘረጋችለት። «ይህችን ቅጠል ያየ ይፍረድ። ይህን ተለጣፊ ያተምኩት እኔ ነኝ። ተበላሽቶ ይቃጠል የተባለ ነው። እንዴት ከርስዎ ፖም ላይ ተገኘ?»

ወጣቷ እናት የያዘችውን ፖም ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ቅጠሏን አየች፣ አታሚዋን አየች፣ ፎቶውን አየች። የምታየው ነገር ምኑ እንደተበላሸ አልገባትም።

ጨዋው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ትሕትናው ግን እንደዚያው ነው። «እህቴ፣ እኔ አልሰረቅሁም። ገዝቼ ነው። ከማን እንደገዛሁ አሠሪዎን ይጠይቁ። ደግሞስ ማንን ጎዳሁ? ደንበኛዬ ቅጠል ፈለገ፣ ቅጠል ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ጣዕሙ ተለየብኝ ብሎ የመለሰልኝ ሰው የለም።»

«ይህቺ ሴት ለሕፃኗ ከነልጣጩ ልትፈጭለት ነው! አባቴ የልብ ሕመምተኛ ነው፣ የእህቴ እጅ ነው እያለ ከነልጣጩ ሲበላ ከረመ!»

«ያጥቡታ» አለ ጨዋው።

ያጥቡታ! አታሚዋ አንዲት ቃል ሰውን እንዲህ ልታንገበግብ እንደምትችል እስከዚያ ሰዓት አታውቅም ነበር። ወደ ወጣቷ እናት ዞረች። «እህቴ፣ አትግዢ። ይሄም ያም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ወረቀቷ ናት።»

ወጣቷ ሕፃኗን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ታዲያ የቱን ልግዛ?»

አታሚዋ ዓይኗን ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው አዘዋወረች።

«ሌላ ሱቅ ብሄድስ በምን አውቃለሁ?» አለች ወጣቷ፣ ልትከራከር ሳይሆን ደክሟት። «አንቺስ ብትሆኚ ማን መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» ጥቂት አመነታችና ቅጠል ካለው አራቱን መልሳ የሁለቱን ከፍላ ሄደች። ጨዋው እስከ በሩ ሸኛት።

ይህ ነው አታሚዋን ከምንም በላይ ያቃጠላት። ሴትዮዋ ሞኝ ብትሆን በቀለላት ነበር። ሞኝ አይደለችም። ገንዘቧን ከፍላ፣ ጨንቋት፣ ተጠንቅቃ፣ ለልጇ የሚሻለውን ፈልጋ ነው የተታለለችው። ያታለላት ደግሞ ጨዋው ብቻ አይደለም። ያች ቅጠል የማን እጅ ሥራ ናት?

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደች። ዕለቱ የእረፍት ቀኗ ቢሆንም ባለቤቱ ቢሮው ውስጥ ነበር፤ ስልኩን ገና ማስቀመጡ ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚሉት። ክፉ ሰው ተብሎ አያውቅም። አባቷ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ሳትጠይቀው ፈቃድ የሰጣት እሱ ነው።

«እንኳን መጣሽ» አለ ገና ሳትቀመጥ። «ሰውየው ሱቅ ገብተሽ የሠራሽውን ነገረኝ። ምን ነካሽ አንቺ?»

«የተበላሸውን ሸጡለት እንዴ ጋሼ? ይቃጠላል ብለውኝ አልነበረም?»

«ማን ነው ያበላሸው?»

ጋሼ መልሷን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ከደመወዝሽ ልቆርጥ እችል ነበር። አባቷ ታሟል ብዬ ተውኩት። ታዲያ ያ ሁሉ ወረቀትና ቀለም ከየት ይመለስልኝ? ሰው መጣ፣ ገዛ፣ ሸጥኩ። እኛ ወረቀት ነው የምናትመው፤ ፖም አናበቅልም። ተለጣፊውን ማን ምን ላይ እንደሚለጥፈው እየተከተልኩ ልጠብቅ?»

«የእቴቴ ቁጥር ያለበት ነው! ነገ ሰው ቢታመም የምትጠየቀው እሷ ናት።»

«በፖም የታመመ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ጋሼ ተነሥቶ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «ይልቅ ከመጣሽ አይቀር ሥራ አለ። ሰውየው አሁን ነው የደወለው። ጠርዝ የሌለው፣ ንጹሕ ተደርጎ ይታተምልኝ፣ የበፊቱ ዓይን ውስጥ እየገባ ነው ብሏል። በርከት አድርጎ ነው ያዘዘው። ቁጥሯ እዚሁ አለች፣ ምን ይቸግራል?»

አታሚዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሱቅ ገብታ ጮኻ የፈየደችው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ውሸቱን አሳመረችለት። ነገ ቅጠሏ ጠርዝ አይኖራትም። እሷ ራሷ እንኳ አይታ አትለያትም።

ቁጥሯ ማለቱ የማኅተሟን ነገር ነው። ቅጠሏ ለሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ናት፤ ቁጥሩ ግን ለየአንዳንዱ ከብረት የተሠራች ትንሽ ማኅተም ናት፤ ማሽኑ ላይ በብሎን ትታሰራለች። ማኅበሩ ማኅተሟን የሚሰጠው ለአምራቹ በእጁ ነው። ሌሎቹ አምራቾች ለማሳተም ሲመጡ ይዘዋት ይመጣሉ፣ ሲጨርሱ ቆጥረው፣ ጠራርገው፣ መሐረብ ውስጥ ቋጥረው ይወስዷታል። እቴቴ ብቻ ትታት ሄደች። «አንቺ እያለሽ ምን ያመላልሰኛል?» ብላ። «እኔ ቤት ከጥፍር ቆራጭ ጋር ተቀላቅላ ከምትጠፋ እዚሁ አንቺ ጋ ትቀመጥ።» አታሚዋም ደስ ብሏት ከማሽኑ ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ፣ በክብሪት ቤት አድርጋ አኖረቻት። ጋሼ በዚያ መሳቢያ እንደ ልቡ ሊገባ እንደሚችል ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም። የሥጋ ዘመድ ባለበት ቤት ምን ይጠፋል ብለው ነው።

«ልብስ ልቀይር» ብላ ወጣች። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆማ ወደ እቴቴ ደወለች።

«ምነው በሰላም ነው? ወንድሜ ደህና ነው?» አለች እቴቴ፣ እንደ ልማዷ ሰላምታውን ዘልላ።

«ደህና ነው። ፖምሽስ እንዴት ሆነ?»

«ላሞቹ ጠግበውት ሣር መብላት ንቀዋል! በሚቀጥለው በሹካ ካላጎረስሽን ሳይሉኝ አይቀሩም።»

አታሚዋ ሳቋም ዕንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ነገሩን ከጠማማዋ ቅጠል ጀምራ እስከ አዲሱ ትእዛዝ ነገረቻት።

«ወንድሜ በላው?» አለች እቴቴ።

«በላው።»

«ከነልጣጩ?»

«ከነልጣጩ።»

«እኔ ነኝ ከነልጣጩ ብላ ያልኩት» አለች እቴቴ። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን መልሶ ጠነከረ። «ስሚኝ። ፎቶዬን ይስቀሉት፣ የወለቀ ጥርሴን አይተው ይሣቁ፣ ግድ የለኝም። ቁጥሬ ግን ወገቤ ነው! ሰው በልቶት እንዳይታመም ብዬ ትል በእጄ ስለቅም የጎበጠው ወገቤ ነው። እሱን መድኃኒት የተረጨ ፖም ላይ ይለጥፉብኝ? ለማኅበሩ ንገሪ።»

«ብነግር እስኪጣራ ድረስ ቁጥርሽን ያግዱታል። የዘንድሮው ምርት ይቀርብሻል፣ እቴቴ።»

«ላሞቹ ይብሉታ! ለምደውታል።» ከዚያ ድምፅዋን ለዘብ አድርጋ፣ «አንቺስ? እንጀራሽ ነው እኮ» አለቻት።

አታሚዋ ስልኩን ዘጋች። እንጀራዋ መሆኑን ማን አጥቶት! የቤት ኪራዩ፣ የአባቷ መድኃኒት፣ ፖሙ ራሱ የሚገዛው ከዚህ ቤት በምታገኘው ነው። ብዙ ማተሚያ ቤት በሌለበት ከተማ፣ ከአሠሪዋ ጋር ተጣልታ የወጣች ሴት ማን ይቀጥራታል? ጋሼ ሌላ አታሚ አያጣም። ተለጣፊው በሷ እጅ ባይታተም በሌላ እጅ ይታተማል። ሁሉም እንዲህ እያለ ነው የሚሠራው፤ ጨዋውም ጋሼም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሁሉም እጁን ታጥቦ ቁሟል፤ ሳይታጠብ የሚበላው ሕፃኑ ብቻ ነው።

ሽርጧን አስራ ወደ ማሽኑ ስትመለስ ጋሼ ጥቅሉን አስገብቶ፣ ቢጫውንና ሰማያዊውን ቀለም ሞልቶ ጠበቃት። ማኅተሟም በቦታዋ ታስራለች። የክብሪት ቤቱ መሬት ላይ ወድቋል።

«በይ አስነሺው» አለ። «እንደ በቀደሙ ጥለሽው እንዳትሮጪ ብቻ» ብሎ ሳቀ፤ መቀለዱ ነው።

አታሚዋ ጎንበስ አለች። የማስነሻውን ቁልፍ አልነካችም። መፍቻውን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ብሎኗን ፈታች። ማኅተሟ መዳፏ ላይ ወደቀች፤ ቀዝቃዛና ቀለም የነካት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቁጥሯን እየወሰድኩ ነው።»

«መልሺያት!»

«ማኅበሩ የሰጠው ለእቴቴ ነው፣ ጋሼ። ለኛ አይደለም።»

ጋሼ ፊቱ ቀላ። ከዚያ እንደ መለሳለስ አለ። «አባትሽ ሲታመም ምን እንዳደረግሁልሽ ረሳሽው? ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው?»

ይህ ቃል ወጋት፤ እውነት ስለሆነ ወጋት። «አልረሳሁትም» አለች። «እስክሞትም አልረሳዎትም። ግን ያን ቀን ሮጬ ያዳንኩትን አባቴን መልሼ በገዛ እጄ ውሸት አላበላውም።»

«ያንን በር ከወጣሽ ነገ እንዳትመጪ!»

ሽርጧን ፈታች። ማኅተሟን በጫፉ አብሳ አጸዳቻትና ሽርጡን ማሽኑ እጀታ ላይ ሰቀለችው። የክብሪት ቤቱን ከመሬት አንሥታ ማኅተሟን ከተተችበት።

ውጪ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው።

«የት ቀረሽ? ፖም ልትቀይሪ ሄደሽ ዛፉን እየተከልሽ ነው እንዴ?»

«አባዬ፣ ቤት የቀረ ፖም አለ?»

«ደብቄ ያስቀረኋት አንዲት አለች። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዳትበላት።»

«ቅጠሏ አለቻት እኮ!» አለ አባቷ። «የእህቴም ቁጥር አለ፣ ይኸው እያየሁት ነው።»

አታሚዋ ዓይኗን ጨፈነች። ጠዋት ልትነግረው ያልደፈረችውን አሁን ልትሸሸገው አልቻለችም።

«የእቴቴ ፖም አይደለም፣ አባዬ። ከመጀመሪያውም አልነበረም። ያች ቅጠል የኔ እጅ ሥራ ናት።»

ወደ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተላት፤ አልገባችም። ማኅተሟን ከእነ ክብሪት ቤቷ ጨብጣ፣ ወደ ማኅበሩ ቢሮ የሚሄደውን መጠበቅ ጀመረች።